ስለ ኤፒዴሚዮሎጂ፤ ከዕድር መዝገብ የጀመረ ትምህርት

በየዓመቱ ሕዳር 12 ቀን ማለዳ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚያልፍ ሰው ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳም እስከ ሳሪስ በየመንደሩ መግቢያ ጢስ ሲወጣ ያያል። ቆሻሻው ተጠርጎ ይከመራል፤ እሳት ይለቀቅበታል፤ ልጆች በዙሪያው ይሯሯጣሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ለሚካኤል ንግሥ የሚሄዱ እናቶችም አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ። ይህም «ሕዳር ሲታጠን» ይባላል። ለምን እንደሚታጠን ግን የሚያጤሱትን ሰዎች ብንጠይቅ «በሽታ እንዲወጣ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አላገኘንም።

ነገሩ የመነጨው በ1911 ዓ.ም. ነው። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በዚያ ዓመት በሕዳር ወር በአዲስ አበባ ላይ በረታ። አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በጽኑ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። «የሕዳር በሽታ» የተባለውም ይኸው ነው። በከተማይቱ የሞተው ሰው ወደ 10,000 ይጠጋል ተብሎ ተገምቷል። «ተገምቷል» ማለታችንን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ቆጥሮ የጻፈ አልነበረምና። ቀባሪው ራሱ በወደቀበት ሰዓት መዝገብ የሚይዝ ከየት ይመጣል? ሕዝቡም በሽታው ከክፉ ሽታና ከተበላሸ አየር የሚነሣ መስሎት ቆሻሻውን አቃጠለ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ሆነ፣ አያቶቻችንን በዚህ ልንወቅስ አይገባንም። እኛ ግን ዛሬ ፕላስቲክ ጭምር እያቃጠልን ለሳንባችን ሌላ በሽታ እንደምንጋብዝ በመንገድ እንጥቀስና ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንለፍ።

ኤፒዴሚዮሎጂ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው። «ኤፒ» ማለት «በላይ»፣ «ዴሞስ» ማለት «ሕዝብ»፣ «ሎጎስ» ማለት «ቃል፣ ትምህርት» ነውና «በሕዝብ ላይ ስለሚወርድ ነገር የሚደረግ ምርምር» ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። የኛም «ወረርሽኝ» «ወረረ» ከሚለው ግሥ ስለ ወጣ፣ በትውልድ ባይሆን በሐሳብ የግሪኩ ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በተላላፊ በሽታ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የመኪና አደጋ፣ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ሞት፣ ይህ ሁሉ በዚሁ ትምህርት ይመረመራል።

ሐኪም በፊቱ የተቀመጠውን አንድ ሕመምተኛ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ይጠይቃል። የኤፒዴሚዮሎጂ ሰው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «የታመሙት እነማን ናቸው? የት? መቼ? ሳይታመሙ የቀሩትስ እነማን ናቸው? ይህስ የሆነው ከስንት ሰው ውስጥ ነው?» ይላል። ከነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም በእሱ ነው። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኮቪድ 19 በአገራችን ሲስፋፋ በየዕለቱ ይነገረን የነበረውን ቁጥር እናስታውሳለን። ሁላችንም የምንሰማው «ይህን ያህል ሰው ተያዘ» የሚለውን ነበር፤ ከርሱ አጠገብ «ይህን ያህል ሰው ተመረመረ» የሚለውን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ምርመራው ሲቀንስ የተያዘው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ በሽታው ግን ላይቀንስ ይችላል።

ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

እኛ የአርትስ ተማሪዎች የሆንን ሦስት ጓደኛሞች የምንኖረው ከላፍቶ ዝቅ ብሎ፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ወንዝ ዳርና ዳገት ተብሎ በሁለት ወገን ይከፈላል። ወንዙ የከተማውን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል፤ በዳርቻውም በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ አትክልተኞች አሉ። ውሃው የተበከለ ለመሆኑ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። በሰፈራችንም አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ከድንኳኑ ሥር «ይኸ ጎመን ፈጀን እኮ!» የሚል አይታጣም። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ «ወሬውን በቁጥር እናረጋግጠው» ብለን ተነሣን።

ወዴት እንሂድ? ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ሄድን። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የዕድሩን መዝገብ የሚይዙ፣ እጀ ጽሑፋቸው እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል የጠራ ሰው ናቸው። «ለትምህርት ከሆነ እሰየው» ብለው የ3 ዓመቱን መዝገብ ከሣጥን አውጥተው ሰጡን። ሁለት ቀን ተቀምጠን ቆጠርን። ከወንዝ ዳር ወገን የተመዘገበው ሞት ከዳገቱ እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘነው። ደስ አለን፤ በሞት ደስ አለን ማለት ነውር መሆኑን የተረዳነው በኋላ ነው። ወዲያውም በወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ የሚነበብ ወረቀት አዘጋጀን፤ በወንዙ የለማ አትክልት ወደ ሰፈሩ እንዳይገባ፣ የሚሸጡትም እንዲከለከሉ የሚጠይቅ ነበር። ከሚሸጡት አንዷ የዚያው ዕድር አባል፣ በጎመን ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት ናቸው።

ወረቀቱ ከመነበቡ በፊት ለአንድ የጤና መኮንን ተማሪ አሳየነው። አንብቦ ሲያበቃ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀን።

መጀመሪያ «ወንዝ ዳር ስንት አባወራ አለ? ዳገቱስ ላይ?» አለ። ሄደን ብንቆጥር የወንዝ ዳሩ ዕድርተኛ ከዳገቱ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሲበዛ ሞቱም ይበዛል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ለምሳሌ 100 ሰው ካለበት መንደር 2፣ 300 ሰው ካለበት መንደር 6 ቢሞት፣ በጣት ለሚቆጥር ሰው ሁለተኛው መንደር ሦስት ጊዜ የከፋ ይመስለዋል፤ በሕዝቡ ቁጥር አካፍሎ ላየው ግን ሁለቱ እኩል ናቸው።

ቀጥሎ «የሟቾቹ ዕድሜ ስንት ነው?» አለ። መዝገቡ ዕድሜ አይጽፍም። ወንዝ ዳሩ ግን ጥንታዊው መንደር ነው፤ ሽማግሌና አሮጊት የሚበዛው በዚያ ነው። ዳገቱ ላይ ያሉት ትናንት ትዳር የያዙ ናቸው። ታዲያ ገዳዩ ጎመኑ ይሁን ዕድሜው በምን ይለያል?

ሦስተኛው ጥያቄ ግን አሳፈረን። «የሞተው ማን ነው?» አለ። የዕድር መዝገብ የሚጽፈው የሟቹን ስም ሳይሆን ገንዘብ የተቀበለውን ዕድርተኛ ስም ነው፤ «የአቶ እገሌ እናት»፣ «የወይዘሮ እገሊት ወንድም» ይላል። እንደገና ብንመረምረው ከነዚህ ብዙዎቹ በአገር ቤት፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በጉራጌ አርፈው እዚህ መርዶ የተነገረባቸው ሆነው ተገኙ። ጓደኛችን ወረቀቱን አጥፎ እየመለሰልን «ጎጃም ያረፉት እናት የላፍቶን ጎመን መቼ በሉ?» አለን።

ወረቀቱን ቀደድነው። እትዬ ነገሩን ከቶ አልሰሙም፤ እኛ ግን ከርሳቸው ጎመን በገዛን ቁጥር ፊታቸውን ማየት ይከብደናል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያስ ወንዙ ንጹሕ ነው ማለት ነው?» እንዳይል። ወንዙ ንጹሕ አይደለም፤ ጥያቄውም አልተመለሰም፤ በአግባቡ አልተጠየቀም እንጂ። በአግባቡ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። በተቅማጥ የታመሙትን ሰዎች ይዘን፣ በዕድሜና በኑሮ የሚመስሏቸውን ግን ያልታመሙትን ከዚያው ሰፈር መርጠን፣ ሁለቱንም ወገን ባንድ ዓይነት ቃል እንጠይቃለን፤ ሰላጣ ሳይበስል በልተዋል ወይ? በምን ውሃ ታጠበ? የመጠጥ ውሃቸው ከየት ነው? መጸዳጃቸውስ? የበላው ከታመሙት ዘንድ በዝቶ፣ ከጤነኞቹ ዘንድ አንሶ ከተገኘ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ሥር ይይዛል። በሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ ግን ጎመኑ ከክሱ ነጻ ይወጣል፤ ሌላ ተጠርጣሪ ይፈለጋል። ዳኛ ምስክር በሁለቱም ወገን እንደሚሰማ ሁሉ ይህም ትምህርት ከጤነኛው ወገን ምስክር ሳይሰማ አይፈርድም።

ለዚህ አሠራር አባት ተብሎ የሚጠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በለንደን ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በ10 ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ ኮሌራ የሚመጣው ከክፉ ሽታ ነው ይሉ ነበር፤ የሕዳርን ጢስ ካስነሣው ሐሳብ ብዙም አይለይም። ስኖው ግን ውሃውን ጠረጠረ። ከሞት መዝገብ ቤት ሄዶ በ3 ቀን ውስጥ የሞቱ የ83 ሰዎችን ዝርዝር ወሰደና በየቤታቸው ዞረ። ከ10 በቀር ሁሉም የሞቱት ብሮድ ስትሪት ለተባለው መንገድ የውሃ ፓምፕ ቅርብ በሆኑ ቤቶች ነበር። ከቀሩት ከ10ሩም ውስጥ 5ቱ የዚያ ፓምፕ ውሃ ይጥመናል እያሉ ከሩቅ ያስቀዱ ነበር፤ 3ቱም በፓምፑ አጠገብ የሚማሩ ልጆች ነበሩ።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ያልሞቱትን መጠየቁ ነው። በፓምፑ አጠገብ 535 ሰዎች የሚኖሩበት የድኾች መጦሪያ ነበረ፤ ከነዚህ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። ለምን? መጦሪያው የራሱ ጉድጓድ ስለ ነበረው ነው። ባጠገቡም ከ70 በላይ ሠራተኞች የነበሩት የቢራ መጥመቂያ ነበረ፤ ከሠራተኞቹ አንድም አልሞተም። ባለቤቱ ሲጠየቅ «ሠራተኞቼ የሚጠጡት ቢራ ነው፤ ከመንገዱ ፓምፕ ውሃ የሚቀዱ አይመስለኝም» የሚል ቃል ሰጠ። (ይህን ላነበብንላቸው አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ «ጠላ ለጤና ነው ስል የሚሰማኝ አጥቼ ነው እንጂ» ብለውናል።) በመጨረሻም ስኖው ለደብሩ ባለ ሥልጣኖች ማስረጃውን አቅርቦ የፓምፑ እጀታ እንዲወልቅ አደረገ። እውነቱን ለመናገር ወረርሽኙ በዚያን ጊዜ መብረድ ጀምሮ ነበር፤ ሕዝቡም ከሰፈሩ ሸሽቶ ነበር። የኮሌራ ተሕዋስ ምን እንደ ሆነ ሮበርት ኮኽ ለይቶ ያሳወቀው ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ስኖው ገዳዩን በዓይኑ ሳያይ መንገዱን ዘጋበት ማለት ነው።

ለአርትስ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ስኖውን የረዳው የዚያው ሰፈር ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ነበር። ቄሱ መጀመሪያ የተነሣው የስኖውን ሐሳብ ሊያፈርስ ነው። ምእመናኑን አንድ በአንድ ስለሚያውቃቸው በየቤቱ እየገባ ማን ምን እንደ ጠጣ ጠየቀ፤ ጠይቆም ሲያበቃ የስኖው ወገን ሆነ። ሰውን ማወቅና በጥሞና መጠየቅ የሐኪም ብቻ ሥራ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

በአገራችንም «የት?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብን ከክስ ነጻ አውጥቷል። እግር የሚያሳብጠውን ዝሆኔ የተባለውን በሽታ ሁላችንም እናውቃለን። በሌላው ዓለም ይህን የሚያመጣው በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፍ ትል ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ትሉ አይገኝም፤ በሽታው ግን አለ። ባንድ ቤት አባትም ልጅም ስለሚታመሙ ሕዝቡ «ዘሩ ነው»፣ «እርግማን ነው» ይላል፤ ልጁን አይድርለትም፤ በማኅበር አብሮት አይቀመጥም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሽታው በየትኛው አገር እንዳለ፣ በየትኛው እንደሌለ ሲመረምር፣ የታመሙት በባዶ እግራቸው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር የሚረግጡ የደጋ ገበሬዎች ሆነው አገኛቸው። ረቂቁ የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። ስሙንም ከግሪክ «እግር» እና «ትቢያ» ከሚሉት ቃላት «ፖዶኮኒዮሲስ» አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኢትዮጵያውያንና የውጭ ሊቃውንት ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰው በትውልዱ ከሌላው ይልቅ ለዚህ አፈር ተጋላጭ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ «ዘሩ ነው» ያለው ሕዝብ ከግማሽ እውነት ላይ ደርሶ ነበር፤ የቀረው ግማሽ ግን ጫማ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የታጠበ ሰው፣ ዘሩ ምንም ቢሆን፣ ከበሽታው ይድናል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። ስኖው የ83 ሰዎች ስም ያገኘው ለንደን የሞት መዝገብ ስለ ነበራት ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ መዝገብ ባልነበራት ዘመን ኤድስ ገባ። ብዙ ሰው የሚያርፈው በየቤቱ ስለ ሆነ የሆስፒታል ቁጥር የሞቱን ጥቂት ክፍል ብቻ ያሳይ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራን «ከተማው ሙታኑን ሁሉ የሚያገኛቸው የት ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ግልጽ ነው፤ በመካነ መቃብር። በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001) በክርስቲያኑም በእስላሙም መካነ መቃብር ሁሉ መዝጋቢዎች ተመድበው የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና የሞት ምክንያት ከቀባሪ ዘመዶች እየጠየቁ ይጽፉ ጀመር። በደብረ ዘይት መንገድ፣ በኛ በኩል፣ ከዮሴፍ ቀብር ስንመለስ ጠረጴዛ ይዞ የሚጽፍ ሰው አይተን የማናውቅ ጥቂቶች አይደለንም፤ ለምን እንደሚጽፍ ግን አልጠየቅንም።

ችግሩ ያለው «ምክንያት» ከሚለው ላይ ነበር። በዚያን ዘመን ከመቃብር አፋፍ ቆሞ «ልጄን ኤድስ ገደለብኝ» የሚል ወላጅ ከየት ይገኛል? ስለዚህ «የሳንባ በሽታ»፣ «ነቀርሳ»፣ «ብርድ»፣ «አልማዝ ባለጭራ» ይባል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ ተስፋ አልቆረጡም። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ቤት ኋላ ሄደው ስለ ሕመሙ ሁኔታ በዝርዝር እየጠየቁ፣ የመቃብሩን ቃል ከቤቱ ቃል አስተያዩ። በዚህም የትኛው ቃል ኤድስን እንደሚሸፍን፣ ምን ያህልም እንደሚሸፍን አወቁ። ሰው ስለ ኀፍረቱ የሚናገረውን ሽፍን ቃል ወደ ቁጥር መመለስ መቻላቸው፣ ቅኔ ለሚፈታ ተማሪ እንግዳ የሆነ ጥበብ አይደለም። መድኃኒቱ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላ በዚያው የመቃብር መዝገብ ላይ በጉልምስና ዕድሜ በኤድስ የሚሞተው ሰው በጣም እየቀነሰ ሲሄድ ታየ። መድኃኒቱ መሥራቱን ለመንግሥትም ለሕዝብም ያስመሰከረው ከየመቃብሩ ጠረጴዛ የተሰበሰበው ወረቀት ነው።

ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ልደትና ሞት በየወረዳው እንዲመዘገብ ሆኗል። ይሁን እንጂ ብዙ ቤተሰብ ለሞት ምስክር ወረቀት የሚሄደው ውርስ ወይም የጡረታ ገንዘብ ሲኖር ነው። ምንም ንብረት ያልተወ ሰው ሳይጻፍ ይቀራል።

ከመስከረም በኋላ ወደ ጋሼ ተመልሰን በዕድሩ መዝገብ ላይ ሦስት አምድ እንዲጨምሩ ለመንናቸው፤ ዕድሜ፣ ያረፉበት ቦታ፣ ምክንያት። ጥቂት አሰቡና «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይሁን። ሦስተኛውን ግን በኀዘን ቤት ሰው ፊት እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?» አሉን። እኛም ወዲያው መልስ አላገኘንም። በመጨረሻ ከአርባው በኋላ፣ ብቻቸውን፣ ቡና ሲጠጡ እንዲጠይቁ ተስማማን። ጋሼ በማስመሪያ ሦስቱንም አምድ ከዳር እስከ ዳር አሰመሩ።

ባለፈው ወር መዝገቡን አይተነዋል። በአዲሱ ገጽ ላይ አራት ስም ሰፍሯል። ዕድሜያቸው ተሞልቷል፤ ቦታው ተሞልቷል፤ አንደኛው «ጎንደር» ይላል። በሦስተኛው አምድ ላይ በሁለቱ አንጻር ባዶ ነው፤ በአንዱ «ታመው» ተብሏል፤ በአራተኛው ላይ ግን ጋሼ በዚያ ማተሚያ በሚመስል እጃቸው «የጉበት በሽታ፤ 7 ወር፤ ልጃቸው እንደ ነገረኝ» ብለው ጽፈዋል።